ቦሆል ደሴት ላይ ታርሲየርን ሳንረብሽ ለማየት፦ ኮሬላ ወይስ ሎቦክ?

ትዕግሥት_ዱባይ

ሰላም ለሁላችሁ። ከዱባይ ተነሥተን አራት ሆነን ወደ ፊሊፒንስ፣ ቦሆል ደሴት ልንሄድ ነው። የቦሆል ተወላጅ የሆኑ የሥራ ባልደረቦቻችን ታርሲየርን፣ ያን ትንሽ፣ ዓይነ ትልቅ የሌሊት እንስሳ፣ ሳታዩ እንዳትመለሱ ብለውናል። ግን እንስሳው በቱሪስት ብዛት እንደሚጎዳም ሰምተናል።

ኮሬላና ሎቦክ የሚባሉት መጎብኛዎች ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፍላሽ ለምን ተከለከለ፣ ያለ ፍላሽስ ጥላ ውስጥ ፎቶ ይወጣል? «ከተያዘ ራሱን ያጠፋል» የሚባለውስ እውነት ነው?

የጫካ_መንገድ

ኮሬላ ሂዱ። ከታግቢላራን ከተማ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታውን የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የፊሊፒንስ ታርሲየር ፋውንዴሽን ነው። እዚያ ያለው አጥር ውሻና ድመትን ለመከልከል እንጂ ታርሲየሩን ለማሰር አይደለም፤ ሌሊት ተሻግሮ ወጥቶ አድኖ ይመለሳል። ሎቦክ ያለው ከወንዝ ሽርሽሩና የቸኮሌት ኮረብቶች ከሚባሉት የደሴቱ ታዋቂ ኮረብቶች ጋር በአንድ ቀን ጉዞ የሚታይ ስለሆነ አውቶቡስ ይበዛበታል፣ ቦታውም ጠበብ ይላል። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ገና ሲከፈት፣ አውቶቡሶቹ ሳይደርሱ ግቡ።

ኮሬላ ላይ የምታዩት ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። በዚህ አትከፉ፤ የጤናማ ቦታ ምልክቱ ይኸው ነው። ታርሲየር ለብቻው የሚኖር፣ ክልሉን የሚያስከብር እንስሳ ነው። እዚያው ኮሬላ በተደረገ ጥናት አንድ ወንድ ወደ 6 ሄክታር ተኩል፣ አንዲት ሴት ደግሞ ወደ 2 ሄክታር ተኩል መሬት እንደምትጠቀም ታይቷል። ስለዚህ የትም ቢሆን፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት አምስት ስድስት ታርሲየር ተደርድረው ካያችሁ ሰው አምጥቶ ያስቀመጣቸው መሆናቸውን ጠርጥሩ። «ንካው፣ ትከሻህ ላይ አስቀምጠው» የሚል ካለ ደግሞ ገንዘባችሁን ሳትከፍሉ ውጡ። እንዲህ ያለ ቦታ የሞተውን የሚተካው ከጫካ በተያዘ ሌላ ነው።

ሌንስ_ብቻ

ስለ ፍላሹ። እኛ አገር ቆላ ውስጥ ግራር ላይ ሌሊት የሚዘለው ጋላጎ የሚባለው ትንሽ እንስሳ ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ ያበራል፤ ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ክፍል) ኋላ እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ታርሲየር ይህ ሽፋን የለውም። በጨለማ የሚያየው በዓይኑ ትልቅነት ነው። አንዱ ዓይን 16 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ መጠኑም ከአንጎሉ ጋር ይስተካከላል። ከትልቅነቱ የተነሣ ጉድጓዱ ውስጥ አይዞርም፤ በምትኩ አንገቱን በሁለቱም ወገን ወደ 180 ዲግሪ ያዞራል። በእንዲህ ያለ ዓይን ላይ፣ ያውም በእንቅልፍ ሰዓቱ፣ ፍላሽ ማብራት ማለት ምን እንደሆነ ገምቱት።

የሚበዛው ስህተት ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም። የስልኩ ፍላሽ «አውቶ» ላይ ይረሳና ጥላ ውስጥ ሲገባ በራሱ ይበራል። ከበሩ ውጭ አጥፉት፣ ጨለም ያለ ነገር አንሥታችሁም አረጋግጡ። ካሜራ ከሆነ ፎከስ ለመያዝ የምትበራውን ትንሿን መብራትም ዝጉ፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። እንስሳው ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት መጠን) 1600 እስከ 3200፣ ሹተር (የመክፈቻው ፍጥነት) 1/60 ወይም 1/125 ሰከንድ ይበቃል። ከ100 እስከ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ካላችሁ መጠጋት አያስፈልጋችሁም። ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ቅጠል ከጋረደው እናንተ ቦታ ቀይሩ፤ ቅርንጫፉን አታንቀሳቅሱ።

ባዮሎጂ_መምህር

«ራሱን ያጠፋል» የሚለው አባባል ሰው የራሱን ሐሳብ ለእንስሳ ማልበሱ ነው። ሞቱ ግን እውነት ነው። ሲያዝና ሲታሰር ይደነግጣል፣ ጭንቅላቱን ከሽቦ ጋር ያጋጫል፣ የራስ ቅሉ ደግሞ ስስ ነው። ከግጭቱ ቢተርፍ እንኳ ምግቡ ከባድ ነው። ፍሬም ቅጠልም አይበላም፤ ጦጣና ዝንጀሮ በሚመደቡበት ወገን ሥጋ በል ብቻ የሆነው እሱ ነው። ፌንጣ፣ ምስጥ፣ ትናንሽ እንሽላሊት፣ ያውም በሕይወት እያሉ፣ በቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ይፈልጋል። የ120 ግራም ታርሲየር 12 ግራም በየቀኑ ማለት ነው። መተካቱም አዝጋሚ ነው፦ እርግዝናው ስድስት ወር ገደማ፣ የሚወለደውም አንድ ብቻ።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ሲያቆም የፊሊፒንሱ ታርሲየር እስከ 91 ይሰማል፤ የራሱ ጥሪም 70 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። አፉን ከፍቶ ምንም ካልሰማችሁ እያዛጋ ሳይሆን እየጮኸ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካደረገ፣ ወይም ቀን ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ከተከተላችሁ፣ ነቅቷል ማለት ነውና ወደ ኋላ በሉ። የቁልፍ መንሿሿትም እኛ የማንሰማው ከፍተኛ ድምፅ ስላለው ቁልፋችሁን ቦርሳ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ሾላ_ሥር

ባልደረቦቻችሁ ለምን እንዲህ እንደሚሳሱለት ብታውቁ ጉብኝቱ ይጣፍጣችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በወጣው የ200 ፔሶ ኖት ጀርባ ላይ ከቸኮሌት ኮረብቶች ጋር ታርሲየር አለ። በድሮው እምነት ደግሞ ታርሲየር ባሌቴ በሚባለው ትልቅ የሾላ ዘመድ ውስጥ የሚያድሩ መናፍስት ንብረት ነው፤ የጎዳው ሰው መንፈሱን ይቅርታ ካልጠየቀ ሕመም ያገኘዋል። የዋርካ አድባር ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

አቶ ካርሊቶ ፒዛራስ የሚባሉ የቦሆል ሰው ቀድሞ ከአባታቸው ጋር ታርሲየር እያደኑ፣ አድርቀው ይሸጡ ነበር። ቁጥሩ እየሳሳ መሄዱን ሲያዩ ማደኑን ትተው ወደ መንከባከቡ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንቲስቶች የፊሊፒንሱን ታርሲየር ከሌሎች ታርሲየሮች ለይተው ለብቻው ሲመድቡት የወገኑን የሳይንስ ስም በእሳቸው ስም ካርሊቶ አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የፊሊፒንስ አዋጅ ቁጥር 1030 ታርሲየር ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. የ2001 የዱር እንስሳት ሕግም መያዙንና መሸጡን ይከለክላል። ስለዚህ «ልሽጥላችሁ» የሚል ቢመጣ ለአካባቢው አስተዳደር ንገሩ። አዝናችሁ «ለማዳን» ብላችሁም አትግዙ፤ ሻጩ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ትዕግሥት_ዱባይ

በጣም እናመሰግናለን፣ ኮሬላን መርጠናል። አንድ የቀረ ነገር፦ አንድ አስጎብኚ ታርሲየሩን በማታ በባትሪ ላሳያችሁ ብሎናል። ይሻላል?

የጫካ_መንገድ

አይሆንም። ማታ የሚያድንበት ሰዓት ነው፤ በባትሪ ከተከተላችሁት ራቱን ታሳጡታላችሁ። የማታ ጉዞ ካማራችሁ በአባታን ወንዝ ላይ በጀልባ ሄዳችሁ ዛፍ ላይ ተሰብስበው የሚያበሩትን ጢንዚዛዎች እዩ። ኮሬላን ለማግስቱ ጠዋት አድርጉት።