ለቀጣዩ የፊልም ምሽት «ሳፋየር»ን ብናቀርብስ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችን የፊልም ምሽት ዕቅድ እስከ ዓርብ መግባት አለበት። የእኔ ምርጫ «ሳፋየር» ነው፤ በፈረንጆች 1959 የወጣ፣ የእንግሊዛዊው ዳይሬክተር የባዚል ዲርደን ፊልም። አንዲት ተማሪ ለንደን ውስጥ ባለው ሃምፕስቴድ ሂዝ መናፈሻ ተገድላ ትገኛለች። ፖሊስ ነጭ ናት ብሎ ምርመራውን ይጀምራል። ከዚያ የመርማሪው ቢሮ በር ይከፈትና ወንድሟ ይገባል፤ ጥቁር ሐኪም ነው። የመርማሪውን ፊት እዚያ ጋ ማየት ነው።

ጸሐፊ፦ «ብሉ ላምፕ»ስ? እሱም የዲርደን ነው፣ የ1950። ጃክ ዋርነር የሚጫወተው ፖሊስ ፊልሙ ላይ ይገደላል፤ በ1955 ደግሞ ያው ፖሊስ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተነስቶ እስከ 1976 ዘለቀ! የውሻ እሽቅድምድም ሜዳው ላይ ያለው ማሳደድማ አዳራሹን ያነቃንቃል።

አስተባባሪ፦ ልክ ነሽ፣ እሱ ይበልጥ ያዝናናል። ግን እዚያ ፖሊሶቹ ጻድቃን ናቸው ማለት ይቻላል። «ሳፋየር» የወጣው ለንደን ውስጥ ነጮች በጥቁር ስደተኞች ላይ ከተነሱበት ከ1958ቱ የኖቲንግ ሂል ረብሻ በኋላ ነው። ረዳት መርማሪው ራሱ ጥቁሮችን በክፉ ዓይን ያያል፤ አለቃው ደጋግሞ ይገስጸዋል። ለውይይት የሚሆነን ይሄ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ልጆች፣ ሁለቱን እናሳይ እንዳትሉኝ ብቻ። ሁለት ፊልም ማለት ሁለት የፈቃድ ክፍያ ነው። ካዝናውን ታውቁታላችሁ።

አንድ አባል፦ እኔም «ሳፋየር» እላለሁ፣ ግን እንዳለ አናወድሰው። ጭፈራ ቤቱ ውስጥ ያለውን ትዕይንት አስታውሱ። ከበሮ ሲመታ የአንዲት ሴት እግር አላስችል ይላል፤ ነጭ ብትመስልም «ደሟ ያሳብቃታል» ነው ነገሩ። ዘረኝነትን አወግዛለሁ የሚል ፊልም እንዲህ ሲል ያናድዳል። የሟቿን ወንድም የሚጫወተው ቤርሙዳዊው ኧርል ካሜሮን ግን በእርጋታው ብቻ ከሁሉም ይበልጣል፣ ለእኔ።

ጸሐፊ፦ በቃ ተሸነፍኩ። ውይይቱን ከጭፈራ ቤቱ እንጀምረው፤ ትዕይንቱንም መልሰን እናሳየው። ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩ፦ «ማኅበሩ ‹ሳፋየር›ን ያሳያል። ከፊልሙ በፊት ስለ 1958ቱ ረብሻ የ10 ደቂቃ ገለጻ፣ ከፊልሙ በኋላ የ40 ደቂቃ ውይይት ይኖራል። ‹ብሉ ላምፕ› ለሚቀጥለው ዙር በዕጩነት ይያዛል።» ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ሒሳብ ያዥ፦ ይሁን። የአማርኛ ትርጉም ጽሑፉን ማን እንደሚሠራም ጨምሪበት። ደግሞ አደራ፣ ገለጻ የሚያደርገው ሰው ገዳዩን እንዳይናገርብን!