ዲኤክስ ላይ 4ኤ-ጂኢ ልጭን ብል ኮፓው አልገባም፤ የቱን ልምረጥ?

ዲኤክስ_ጅማ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ የኋላ ጎማው የሚነዳ ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ70 ነው፣ ሁላችንም «ዲኤክስ» የምንለው። የድሮውን 4ኬ ሞተር (1290 ሲሲ) አውርጄ፣ ፊት ጎማ ከሚነዳ ኮሮላ የወጣ 4ኤ-ጂኢ (1587 ሲሲ) ልጭንበት ነው። ዓላማዬ 400 ሜትር ቀጥታ መሮጥ ነው፣ ኩርባ የለውም። በሰንሰለት አንጠልጥለን ስናወርደው የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ገንዳ) ሆድ ትራቬርሳው (ሞተሩን የሚሸከመው አግድም ብረት) ላይ ቁጭ አለ። የሞተር ሳፖርቱ ቀዳዳ ሊገጥም ሦስት ጣት ሲቀረው ቆመ። ጋራዥ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል፦ አንዱ ሞተሩን ከፍ አድርገህ ጫን፣ አንዱ ኮፓውን በመዶሻ አጎድጉደው፣ ሌላው ቆርጠህ በይድ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? መኪናው በአዘቦት ቀን እዚሁ ጅማ ከአጂፕ መርካቶ የምመላለስበት ነው፣ እሱንም አስቡልኝ።

ኤንትሬ
ልጄ፣ መዶሻውን አስቀምጥ። ኮፓው ውስጥ የዘይት መምጠጫ ቱቦ አለ፣ ጫፉ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ከወለሉ ብዙ አይርቅም። ላሜራውን ወደ ውስጥ ካስገባኸው ወንፊቱን ያፍነዋል። አንድ ጊዜ ቡና የሚጭን ኢሱዙ መጣልኝ፤ ኮፓውን ድንጋይ መትቶት ገብቷል፣ ግን አንድ ጠብታ ዘይት አያፈስም። ሹፌሩም «ካላፈሰሰ ምን አለበት» እያለ ሲነዳ ከርሟል። ስከፍተው የቢየላው ብሮንዚን (ክራንክሻፍቱን የሚያቅፈው ስስ ብረት) እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት።

ከወንፊቱ እስከ ወለሉ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይኑርህ። እንዴት እለካለሁ ካልክ፣ ሊጥ ውሰድና በላስቲክ ጠቅልለህ ወንፊቱ ላይ አስቀምጥ፣ ኮፓውን ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው) ግጠመው፣ መልሰህ አውልቀው። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ክፍተትህ ነው። ባለቤቴ ሊጡን ከየት አመጣኸው ብላ ብትቆጣም እስከ ዛሬ አልከዳኝም።

ቶርኖ_ቤት
ሞተሩን ከፍ ማድረግ የሚለውን ከወዲሁ ተወው። ኮፈኑ አይዘጋም፣ የካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ) አንግል ይበላሻል፣ ክብደቱም ሽቅብ ይወጣል። ወንድሜ፣ የብረት ኮፓ ከሆነ ቆርጦ መበየድ ነው። ማግኔት ያዝበት፤ ካልያዘ አልሙኒየም ነውና ለማንም በያጅ እንዳትሰጠው።

ኪቶ_ፉርዲሳ_መካኒካል
አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ ሞተር የመጣው ለመኪናው አግድም ሆኖ ከሚቀመጥበት መኪና ነው። እዚያ መኪናው ሲፈተለክ ዘይቱ የሚሸሸው በኮፓው አጭር ጎን ነው። አንተ ስታዞረው በረጅሙ ጎን ይሸሻል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ መኪናው በግማሽ ጂ (በመሬት ስበት ግማሽ) ቢነሳ የዘይቱ ገጽ ወደ 27 ዲግሪ ያጋድላል። ኮፓው 30 ሳንቲም ቢረዝም የኋላው ጫፍ ከፊተኛው በ15 ሳንቲም ይበልጣል ማለት ነው። መምጠጫው ፊት ለፊት ከቀረ፣ ሞተሩ በጣም በሚለፋበት ሰዓት ፓምፑ አየር ይስባል። ስለዚህ ለቀጥታ ሩጫ ጥልቁ ሆድ ከትራቬርሳው ኋላ ያለ ኮፓ ፈልግ፤ ለቦታውም ለዘይቱም መፍትሔው አንድ ነው።

ዲኤክስ_ጅማ
ይህ ገብቶኛል። ታዲያ ዘይቱን አንድ ሊትር ባበዛ ኮፓው እንዳለ ቢሆንስ?

ኪቶ_ፉርዲሳ_መካኒካል
ክራንክሻፍቱ ዘይቱን ይመታውና አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ተጨማሪ ዘይት ከፈለግህ ሆዱን ወደ ጎን አስፋው እንጂ ደረጃውን ከፍ አታድርግ። ወደ ታችም አታስረዝመው፤ ከትራቬርሳው በታች ከወረደ ኮብልስቶኑም የፍጥነት መግቻውም መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነው።

ሶማሌ_ተራ
ከመቁረጥህ በፊት፦ ይኸው ሞተር በፈረንጆቹ ከ1983 እስከ 1987 በተሠራው ቶዮታ ኤኢ86 ላይ ለኋላ ጎማ ተብሎ ተገጥሟል። የሱ ኮፓ ከተገኘ ድካምህ ግማሽ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣም ይከርማል፣ ዋስ አልሆንህም። ካገኘህ ግን ኮፓውን ብቻውን አትግዛ፣ መምጠጫ ቱቦውን አብረህ ውሰድ። የኮፓህን ከንፈር ካርቶን ላይ አስቀምጠህ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ንድፍ አንሳና ላክልኝ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የማይገጥም ኮፓ ይዞ መመለስ ያበሳጫል።

ዲኤክስ_ጅማ
ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፣ አልተገኘም። መቁረጡ ነው። ኮፓው ማግኔት ይይዛል።

ቶርኖ_ቤት
እሺ። መጀመሪያ በኦሞና በሙቅ ውሃ እጠበው፣ ዘይት የጠጣ ላሜራ ብየዳ አይቀበልም። በቤንዚን አጥበህ ወዲያው እሳት እንዳታስነሳበት አደራ። ስትበይድ ከንፈሩን በወፍራም ብረት ላይ በቡሎን እሰረው፣ አለዚያ ይጠማዘዝና ምንም ሲሊኮን አያድነውም። በአንድ ትንፋሽ አትበይደው፤ እዚህ ሁለት ሳንቲም፣ ከዚያ ማዶ ሁለት ሳንቲም። ውስጡ ላይ ቀዳዳ ያለው መከፋፈያ ላሜራ አቁምበት፣ መጨረሻ ላይ ፍሬን ስትይዝ ዘይቱ ሁሉ ወደ ፊት እንዳይሮጥ።

ኤንትሬ
ቱቦውንም አትርሳ! የዚህ ሞተር ፓምፕ ፊት ለፊት ነው፣ ሆዱን ወደ ኋላ ከወሰድከው ቱቦው መርዘም አለበት። የረዘመ ቱቦ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፤ መሃሉ ላይ ደጋፊ እሰርለት። በመጋጠሚያው በኩል አየር ከሳበ ዘይት ሞልቶ እያለ ሞተሩ ይደርቃል። ሲሊኮንም ስስ አድርገህ ቀባ። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ወንፊት ሲዘጋ ስንቴ አይቻለሁ።

ኪቶ_ፉርዲሳ_መካኒካል
የዘይት ግፊት ጌጅም ግጠም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራት ሲበራ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በልማድ በደቂቃ ለእያንዳንዱ 1000 የሞተር ዙር 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይጠበቃል። ስትነሳና ፍሬን ስትይዝ መርፌው ብልጭ ብሎ ከወረደ ኮፓህ ገና ነው።

ዲኤክስ_ጅማ
የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ተቆረጠ፣ ሆዱ ወደ ኋላ ሄደ፣ በሁለቱም ጎን ትንሽ ሰፋ። ቶርኖ_ቤት በስልክ እንዳለኝ ብየዳውን በውጭ ጠመኔ ቀብቼ ውስጡን ላምባ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ሁሉም ነጭ ነው፣ የኋላ ግራ ማዕዘኑ ላይ ብቻ የምስር ፍሬ የምታክል እርጥብ ነጥብ አለች። ዐይን አያያትም ነበር። አጥበን፣ አድርቀን ደግመን በየድናት፣ በሁለተኛው ሌሊት ደረቅ አደረች።

ሊጡ 8 ሚሊ ሜትር አለ። ጋሼ፣ እኔም ቤት ተቆጥተውኛል። ሞተሩ ሳፖርቱ ላይ ተቀምጧል፣ ከትራቬርሳው ጋር ጣት ያሳልፋል፣ ከታችም አልወረደም። ጌጁ ገና አልተገጠመም፣ ካርዳኑም አጥሯል። ለካርዳኑ ሌላ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ። ገለቶማ!