ወጣት ጠበቆች በአንድ ቢሮ ተቀምጠው ለምን ብቸኛ ይሆናሉ?

አወያይ፦ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ከፈቀደ ወዲህ፣ ቀድሞ እያንዳንዱ በየግሉ ይሠራው የነበረው ሙያ ወጣት ባለሙያዎችን በአንድ ቢሮ እየሰበሰበ ነው። ይሁንና ብዙዎቹ የልብ ወዳጅ አጣን ይላሉ። ተጠያቂው ድርጅቱ ነው ወይስ ጉዳዩ የግል ነው?

ሦስት ዓመት የሠራች ጠበቃ፦ ድርጅቱ ነው እላለሁ። ዓምና የአንድ ደንበኛችንን የ60 ቀን የይግባኝ ጊዜ በስህተት እንደቆጠርኩ የተረዳሁት ጊዜው ሊያልፍ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ባልደረባዬ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ተቀምጦ ሳለ አልነገርኩትም፤ ምክንያቱም በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ሰዓታችን ጎን ለጎን ተቀምጦ እንደሚመዘንና እድገቱ ለአንዳችን ብቻ እንደሚሰጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለት ሌሊት ብቻዬን አድሬ ይግባኙን አስገባሁ። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» አለኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ነባር ጠበቃና ሸሪክ፦ እህቴ፣ የደረሰብሽን አላቃልልም፤ ነገር ግን ወዳጅነት በመመሪያ አይታዘዝም። እኛ በየግላችን በምንሠራበት ዘመን የተዋወቅነው ልደታ ፍርድ ቤት መዝገባችን እስኪጠራ ድረስ ኮሪደር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነው፤ ጠዋት በተቃራኒ ወገን የተከራከርን ሰዎች ከሰዓት አብረን ቡና እንጠጣ ነበር። የደንበኛ ምሥጢር ስለሚከለክለን ስለ ሥራችን ባናወራም፣ ስለ ልጆቻችንና ስለ ቤት ኪራይ እናወራ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ምሳቸውን እንኳ ኮምፒውተር ፊት ይበላሉ። ማን ከለከላቸው?

ውል የሚያረቅቅ ወጣት ጠበቃ፦ ጋሼ፣ እናንተን ያገናኛችሁ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነው። እኛ ውል ስናረቅቅ ስለምንውል ከቢሮ አንወጣም፤ ያልተመዘገበ ግማሽ ሰዓትም ማብራሪያ ይጠየቅበታል። እናቴ ያረፈች ጊዜ ከቢሮው መዋጮ በፖስታ ተላከልኝ፤ በላዩ የአሥራ አንድ ሰው ፊርማ ነበረበት። ለቅሶ የደረሰኝ ግን ፖስታውን ያመጣው ሾፌር ብቻ ነው፤ ንፍሮ ቀምሶ እስኪመሽ አብሮን ተቀመጠ። ባልደረቦቼ ክፉ ሰዎች ስላልሆኑ ነው ነገሩ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ።

የሕግ መምህርት፦ ምሥጢር መጠበቅ በአንድ መዝገብ ላይ የሚሠሩ ባልደረቦችን ከመመካከር አያግድም። እያንዳንዱ መዝገብ ለሁለት ጠበቆች ቢሰጥና የሥራ ምዘናቸውም በጋራ ቢሆን፣ ስህተትን መናገር ራስን ማጋለጥ መሆኑ ይቀራል። ከሥራ ሰዓት ውጪ በየጊዜው የሚዘጋጀው የጋራ እራት ይህን አይተካም፤ እዚያም ሸሪኮቹ ያዩናል ብለው ተጨንቀው ይቀመጣሉ።

ነባር ጠበቃና ሸሪክ፦ የሁለተኛውን ጠበቃ ሰዓት ማን ይከፍላል? ደንበኛው አይከፍልም።

ሦስት ዓመት የሠራች ጠበቃ፦ ድርጅቱ ይክፈል። ያ ይግባኝ ቢያልፍ ኖሮ ደንበኛው መብቱን፣ ድርጅቱም ስሙን ያጣ ነበር፤ ቀኑን አብሮኝ የሚቆጥር ሌላ ሰው ቢኖር ግን ስህተቱ በአሥር ደቂቃ ይታረም ነበር።