ራውተሩ ሳሎን፣ ልጄ ሰርቪስ ቤት፤ ዋይፋዩ አልደርስ አለ

ጥያቄ (የሽምብጥ እናት፣ ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዋናው ቤታችን ብሎኬት ነው፤ ጓሮው ላይ የጭቃ ሰርቪስ አለን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ። ርቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ነው። የፋይበር ኢንተርኔት ካስገባን አራት ወራችን። ራውተሩን ገመዱ እንዳይታይ ብለን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቡፌው ውስጥ ከሳህኖቹ ኋላ አድርገነዋል። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ነው። ፖሊ የምትማረው ልጄ ግን ሰርቪሱ ውስጥ ቪዲዮ ማውረድ አልቻለችም፤ ማታ ማታ ጋቢ ደርባ በረንዳ ላይ ታጠናለች፣ የጣናን ትንኝ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የገጠመልን ልጅ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ቡፌው ላይ ለጥፎልን ሄደ፤ የገባ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ሪፒተር የሚሉትን፣ ሲግናሉን ተቀብሎ የሚደግመውን ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ (ኔትወርክ ገጣሚ፣ ቀበሌ 14)
እትዬ፣ አምስት ሳንቲም ሳያወጡ መጀመሪያ ራውተሩን ከቡፌው ያውጡት። ቴሌቪዥኑ ሲግናሉን ይጋርደዋል፤ ቡፌው ጀርባው መስታወት ከሆነም በመስታወቱ ላይ የተቀባው ብረት ይመልሰዋል። ከዚያ ላይ የብሎኬቱ ግድግዳ ሲጨመር ጓሮ የሚደርሰው ቅራሪው ነው።

ወደ ጓሮ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ አደራ እንዳያጥፉት፣ ውስጡ መስታወት ነው፤ የተረፈውን ሰፋ አድርገው ክብ ይጠቅልሉት። አንቴናዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው። ብዙ ሰው ጫፋቸውን ወደሚፈልገው ክፍል ያነጣጥራል፤ ሞገዱ ግን የሚወጣው ከጎናቸው ስለሆነ በጫፉ በኩል ይደክማል። ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች ልጅቷ 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚለውን ትያዝ፤ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል። የላሜራው በር ሲዘጋ ሲግናሉንም ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ጠረጴዛዋ መስኮቱ ጋ ይሁን።

መልስ (የአባይ ማዶ ልጅ)
እኔን ያስጨነቀኝ ወረቀቱ ነው። እማዬ፣ ሁለት ፓስወርድ እንዳለ ይወቁ፤ አንዱ የዋይፋዩ፣ ሌላው የራውተሩ የራሱ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እሱን ያገኘ ሰው ግን እናንተኑ ማስወጣት ይችላል። ስልክዎ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ በብራውዘሩ 192.168.1.1 ብለው ይግቡ፤ ካልከፈተ አድራሻው ከራውተሩ ሥር ተጽፏል። ሁለቱንም ይቀይሩ። ለዋይፋዩ ከ12 ፊደል ያላነሰ፣ የልጅ ስምና ስልክ ቁጥር ያልሆነ። የጥበቃው ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 3 ካለ እሱን፣ ከሌለ ደብሊው ፒ ኤ 2 ይምረጡ። ደብሊው ፒ ኤስ የሚለውን፣ ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ ያጥፉት። ፒኑ 8 አሃዝ ቢሆንም ራውተሩ ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጠው 11,000 ሙከራ ይበቃዋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ቀዳዳ ነው። ለእንግዳ ጌስት ኔትወርክ ይክፈቱ፣ ወረቀቱ ላይ የሱን ብቻ ይጻፉ።

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ በላይ ዘለቀ ሰፈር)
ሪፒተር ገዝቼ ሲግናል በማይደርስበት ክፍል ሰካሁት፤ የሚደግመውን ሳያገኝ ምን ይድገም? መሐል ላይ ሳዛውረው ሠራ፣ ፍጥነቱ ግን ወደ ግማሽ ወረደ። ገንዘብ ማውጣቱ ግድ ከሆነ ለ15 ሜትር ኬብል ይሻላል፤ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ከቤት ውጭ የሚያልፈውን በፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡት።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮሪደሩ መስኮት ላይ አወጣነው። ልጄ ሰርቪሱ ውስጥ ሆና ቪዲዮው ሳይቆራረጥ አየች፣ በሩ ሲዘጋ ብቻ ይቀንሳል። ራውተሩን ስንከፍተው 11 ስልክና ኮምፒውተር ተያይዟል፤ የኛ 5 ነው! ሁለቱንም ፓስወርድ ቀየርን፣ ወረቀቱን ቀደድኩት። አንድ ነገር ብቻ፦ በክረምት መብረቅ ሲበዛ ምን ላድርግ?

መልስ (ኔትወርክ ገጣሚ፣ ቀበሌ 14)
ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ራውተሩን በአብዛኛው የሚያቃጥለው በመብራቱ መስመር የሚመጣው ነው። ደመናው ከሐይቁ በኩል ሲጠቁር ሶኬቱን ይንቀሉ። ወደ ሰርቪሱ ኬብል ከዘረጉ እሱ መዳብ ነውና በሁለቱም ጫፍ ይነቀል። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመድ እንዳይነኩ።