የልብ ድካም ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ የትኛው የስልክ አፕ ይረዳል? እንዴትስ ይስተካከላል?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፣ በልብ ድካም ተኝተው ከወጡ አራት ቀናቸው። የታዘዘላቸው ፉሮሰማይድ 40 ሚሊግራም ጠዋት፣ ኢናላፕሪል 5 በቀን ሁለቴ፣ ካርቬዲሎል 6.25 በቀን ሁለቴ፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 በቀን አንዴ ነው። ስልካቸው ቴክኖ ነው፤ ዳታ ሁልጊዜ የለውም፣ እንግሊዝኛም አያነቡም። እህቴ ከዋሽንግተን ሆና መከታተል ትፈልጋለች። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ምን ዓይነት አፕ ይሻላል? ጣት ካሜራው ላይ አስቀምጦ የደም ግፊት የሚለካው አፕ ይታመናል? የጫንኩት የመድኃኒት ማስታወሻስ አንድ ቀን ጮኾ አንድ ቀን ዝም የሚለው ለምንድን ነው?

ሲስተር ኤም (የልብ ክፍል ነርስ)፦
እህቴ፣ አደጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ያንን አፕ ዛሬውኑ አጥፊው። ካሜራው በጣት በኩል የሚያየው የልብ ምትን እንጂ ግፊትን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ በስፋት ይሸጥ የነበረ እንዲህ ያለ አፕ ሲፈተሽ፣ ግፊታቸው ከፍ ካለ ከአምስት ሰዎች ወደ አራቱ የሚጠጉትን «ደህና ናችሁ» ብሏቸዋል። ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ግዢ። ስትገዢ የመታሰሪያውን ልክ እይ፤ መደበኛው ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ለሆነ ክንድ ነው፣ ለወፍራም ክንድ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከመለካታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ከዚያ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ።

ለልብ ድካም ከግፊትም በላይ የምትፈልጊው ቁጥር ክብደት ነው። ልብ ሲደክም ሰውነት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ እግር ሳያብጥ፣ ትንፋሽም ሳያጥር በፊት ውሃው ሚዛን ላይ ይታያል። ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። ሚዛኑ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ይሁን፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ የተሳሳተ ያነባል። ልብሳቸውም ሁሌ ተመሳሳይ ይሁን፤ አንድ ቀን ጋቢ ደርበው ሌላ ቀን አውልቀው ከተመዘኑ የጋቢው ክብደት ውሃ መስሎ ያስደነግጣችኋል። የሆስፒታሉን ሚዛን ከቤቱ ጋር አታነጻጽሪ፤ መነሻሽ ቤት የተለካው የመጀመሪያው ጠዋት ይሁን። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪማቸው ደውሉ። ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው ትራስ መደራረብ ከጀመሩም እንዲሁ። ቁጭ ብለው እንኳ መተንፈስ ካቃታቸው፣ ደረታቸውን ከጨመቃቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፕ መክፈት አያስፈልግም፤ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ ወይም ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

አፑን በተመለከተ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ማን ያየዋል የሚለው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ 1,571 ታካሚዎች የነበሩበት የጀርመን ጥናት አለ። ታካሚዎቹ ክብደት፣ ግፊትና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ከቤታቸው በየቀኑ ይልኩ ነበር፣ 24 ሰዓት የሚያይላቸው ሐኪምና ነርስ ነበር። በሞት ወይም ሳይታሰብ ሆስፒታል በመተኛት የባከነው ቀን በዓመት 17.8 ሆነ፤ በተለመደው ክትትል 24.2 ነበር። በ2010 የታተመው የአሜሪካው፣ 1,653 ሰው የነበረበት ጥናት ደግሞ ምንም ለውጥ አላሳየም። እዚያ ታካሚው ስልክ ደውሎ ለተቀዳ ድምፅ ነበር መልስ የሚሰጠው፣ መጨረሻ ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደውል የነበረው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ እቤት ያለ አንድ ሰው በየጠዋቱ ቁጥሩን እንዲያይ መድቢ። ለእህትሽ ብቻ አትተዪው፤ እዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው እኩለ ሌሊት ነው።

ምግብ የሚቆጥሩ አፖች ላይ ጊዜ አታጥፊ። እቤት በተፈጨው ሽሮና በርበሬ ውስጥ ስንት ጨው እንዳለ አፑ አያውቅም። የቀኑ ጨው በጠቅላላ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ዝቅ እንዲል፣ የእሳቸውን ወጥ ለብቻ መሥራት ይቀላል።

ስልክ ጠጋኝ፦
ስለ ደወሉ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ሰዓቱን እዪ። «ጠዋት 1 ሰዓት» ተብሎ 1:00 ኤኤም ከተሞላ የሚጮኸው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት በስልኩ 7:00 ኤኤም፣ ማታ 1 ሰዓት 7:00 ፒኤም ነው።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ አንዳንዴ ዝም የሚል ከሆነ አፑን የሚዘጋው ባትሪ ቆጣቢው ነው። ቴክኖ ላይ ያለው ፎን ማስተር «ላጽዳ» ብሎ ሲያጸዳ የማስታወሻ አፑንም አብሮ ይዘጋዋል፣ አፑ እንደገና እስኪከፈት ደወል የለም። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የአፑ ስም፣ ባትሪ ግቢና «አንሪስትሪክትድ» (ያለ ገደብ) በዪው። አውቶ ስታርት የሚል ካለ አብሪው። አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ ከሆነ «አላርምስ ኤንድ ሪማይንደርስ» የሚለውን ፍቀጂ፤ ከ13 ጀምሮ ኖቲፊኬሽንም ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል። ጨርሰሽ ስልኩን አጥፍተሽ አብሪ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚጮኽ የሙከራ ደወል ሙዪ፣ ስክሪኑን ቆልፈሽ ጠብቂ።

ለአባትሽ ግን እኔ የምመርጠው የስልኩን የራሱን ሰዓት ነው። ዳታ አይፈልግም። በድምፅ መቅጃ «አባባ፣ የጠዋቱን መድኃኒት ይውሰዱ» ብለሽ ቅጂና የጠዋቱ ደወል ድምፅ አድርጊው፣ ለማታውም ሌላ። ማንበብ አይጠበቅባቸውም። ክብደቱንና ግፊቱን አንቺ ስልክ ላይ ማይቴራፒ ጭነሽ መዝግቢ፣ ለቀጠሮ ቀን ሪፖርት ያወጣልሻል። ሜዲሴፍ የሚባለው ደግሞ መድኃኒቱ ተወሰደ ካልተባለ ለቤተሰብ ያሳውቃል፣ ዳታ ሲጠፋ ግን መልእክቱ ይዘገያል። ለእህትሽ የመለኪያውን ፎቶ በቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ መላክ ይበቃል።

መድኃኒት ቤት፦
አንድ ነገር ልጨምር። አፑ ላይ «1 ኪኒን» ብለው ብቻ አይሙሉ፣ ሚሊግራሙንም ይጻፉ። 5 ሚሊግራም ኢናላፕሪል ጠፍቶ 10 ከተሰጣችሁ ግማሽ ነው የሚወሰደው፤ አፑ ካልተስተካከለ እጥፍ እንዲወስዱ ያዛቸዋል። መድኃኒት በቀየሩ ቁጥር ካርቶኑን ይዘው አፑን ያስተካክሉ። የማለቂያ ማስታወሻውን 10 ቀን ሲቀረው ያድርጉት፣ ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳልና።

ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። አባትዎ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የጠዋቱን በራሳቸው እንዳያሸጋግሩት፣ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ፉሮሰማይድ ሽንት ስለሚያበዛ መንገድ በሚወጡበት ቀን ፈርተው የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ከመዝለል ጥቂት ሰዓት ማዘግየት ይሻላል፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት እንዳያልፍ ብቻ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ሊጨምር ይችላል። መድኃኒቱ በተጀመረ በ1 ሳምንትና በ4 ሳምንት የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ሐኪማቸው አዝዞ እንደሆነ ጠይቀው እንደ ቀጠሮ አፑ ላይ ያስገቡት። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይግዙላቸው፣ ውሃ ያቋጥራሉ።

ይህን ለሚያነቡ የሩማቲክ ልብ (የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣ የልብ በሽታ) ታካሚዎችም፦ የፔኒሲሊን መርፌያችሁ በየ28 ቀኑ ከሆነ አፑ ላይ «በየ28 ቀን» በሉ እንጂ «በየወሩ» አትበሉ። ሁሌ ወር በገባ በ12 ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ከያዛችሁት 30 ቀን ይሆናል፣ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ደግሞ ጳጉሜን ተጨምሮ 35 ይሞላል።

የጉለሌዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባትሪውን አስተካክዬ ሞከርኩት፣ ጮኸ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የጠዋቱን ኢናላፕሪል ረስተው 5 ሰዓት ላይ ቢያስታውሱስ?

መድኃኒት ቤት፦
ያኔውኑ ይውሰዱት። የማታው ሰዓት ተቃርቦ ካስታወሱ ግን የጠዋቱን ይተዉትና የማታውን ብቻ ይውሰዱ፣ ሁለት በአንዴ አይሆንም። ለተዘለለው አፑ ላይም «ተወስዷል» ሳይሆን «ተዘሏል» የሚለውን ይንኩ፤ አለበለዚያ ሐኪሙ ሪፖርቱን አይቶ በትክክል የተወሰደ መስሎት መድኃኒቱን ሊጨምር ይችላል።