አዳማ፦ ትንሽ ስቱዲዮ ልንሠራ ነው፣ የቱ ይስተካከል?

ቢት_ሠሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል ስቱዲዮ ልናደርጋት ነው። ለድምፃዊ 1.2 በ1.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.2 የሆነ ቡዝ (የመቅጃ ትንሽ ክፍል) ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) ይሠራል፤ ግድግዳው የፍራሽ ስፖንጅና የእንቁላል ትሪ ይለብሳል። ጊታር አምፑ ህምምም ስለሚል የኧርዙን (ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደውን) ሽቦ ቁረጡት ተብለናል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ኮሪደር ላይ ይነሳል። ምን ትላላችሁ?

ኮረንቲ፦ ጀነሬተሩን ዛሬውኑ ከኮሪደር አውጡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ድምፅ እንዳይገባ የተደፈነ ቤት ደግሞ የገባውን ጭስ አያስወጣም። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ሜዳ ዞሮ ይቀመጥ። የቡና ከሰልም ያው ነው፤ ደጅ ይፈላ።

ኧርዙን እንዳትነኩት። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ ቆርቆሮውን ከነካ 220 ቮልቱ በገመዱ አልፎ የጊታሩ ክር ላይ ይመጣል። ጊታሪስቱ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ በሰውነቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ህምታው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃዎቹ በተለያየ ሶኬት ኧርዝ ስለሚያገኙ ነው፦ አምፑንም ሚክሰሩንም ከአንድ ሶኬት አብሏቸው። ካልጠፋ በመሐል ዲአይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለሚክሰር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) አስገቡና የግራውንድ ሊፍት ቁልፉን ሞክሩ፤ እሱ የሚያላቅቀው የድምፅ ገመዱን ኧርዝ ብቻ ነው። ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ስላለው ብቻ አትመኑት፣ ከጀርባው ሽቦ የሌለው ሞልቷል፤ በኤሌክትሪሺያን አስለኩት። ባለ 30 ሚሊ አምፒር የፍሳሽ ብሬከርም (ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው የሚያጠፋ) አስገቡ።

ዝም_ያለ_ክፍል፦ የፍራሽ ስፖንጅ ፖሊዩሪቴን ነው። አንዴ ከተያያዘ በደቂቃዎች ክፍሉን ያዳርሳል፣ ጭሱ ሳያናይድ አለው። በ2003 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ አንድ የምሽት ክለብ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ ከመድረክ ርችት እሳት ይዞ 100 ሰው ሞቷል። የእንቁላል ትሪ ደግሞ ወረቀት ነው፤ ይነዳል እንጂ ድምፅ አያቆምም። በምትኩ የ5 ሳንቲም ሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሳይ ነገር) በእንጨት ፍሬም ወጥራችሁ አቡጀዴ አልብሱት። ስትቆርጡት ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ብናኙ ያሳክካል።

ስለ አየሩ ማንም አላነሳም። ቡዛችሁ 4 ሜትር ኩብ አይሞላም። ያረፈ ሰው በሰዓት ወደ 20 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ ቡዙ በደንብ ከተደፈነ በአንድ ሰዓት አየሩ 0.5 በመቶ ይደርሳል፣ የደጁ ግን 0.04 ገደማ ነው። የሚዘፍን ሰው ከዚያም ይፈጥናል። በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት! ድምፃዊው ራሱን ሲያመውና ሲያዛጋ ቀረጻውም ይበላሻል። ከታች መግቢያ፣ ከላይ መውጫ ቀዳዳ ክፈቱ፤ ሁለቱም ውስጣቸው ሮክ ዉል በለበሰ ጠመዝማዛ ሳጥን ይለፉ፣ መውጫው ላይ ባለ 12 ሳንቲም የኮምፒውተር ፋን በዝግታ ይዙር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከውጭ የማይቀረቀር ይሁን። መብራት ሲሄድ ውስጡ ድቅድቅ ስለሚል ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ስቀሉበት።

ኮረንቲ፦ ጆሮ ተረሳ። ጆሮ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚችለው በቀን ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። በእንደዚህች ክፍል ሚክስ ስታደርጉ 75 ዴሲቤል አካባቢ ይበቃል። ፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ ለማይክ የሚልከው ኮረንቲ) ስታበሩም ሆነ ማይክ ስትነቅሉ መጀመሪያ ሄድፎኑን ዝም አሰኙት፣ ጧ የሚለው ድምፅ ቀጥታ ጆሮ ውስጥ ነው።

ቢት_ሠሪ፦ ስፖንጁ ተገዝቷል እኮ!

ዝም_ያለ_ክፍል፦ ፍራሽ ይሁን።