የእንግዴ ልጅ ሴሎቼ ተዋሕደዋል፣ የኢንስል4 ጂን ግን አልታይ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

የምከታተለው ኢንስል4ን ነው፤ ከኢንሱሊንና ከሪላክሲን ቤተሰብ የሆነ ሆርሞን መሰል ፔፕታይድ የሚያስገኝ፣ በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ከሪላክሲን ጂኖች ጋር የተጎራበተ ጂን። በሰው እንግዴ ልጅ ውስጥ በብዛት የሚገለጸው ነጠላ ሴሎች ተዋሕደው በሚሠሩት ባለብዙ ኒውክሊየስ ሽፋን ላይ ነው። አይጥ ይህ ጂን ስለሌላት በሰው ሴል ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለኝም።

ቢዎ ሴሎችን (ከእንግዴ ልጅ ካንሰር የተገኙ የላብራቶሪ ሴሎች) ውሕደትን በሚያነሣሣው ኬሚካል፣ በ20 ማይክሮሞላር ፎርስኮሊን፣ ለ48 ሰዓት አቆየኋቸው። ውሕደቱ በማይክሮስኮፕ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የውሕደት ምልክት የሆኑት የኤችሲጂ ቤታና የሲንሲቲን-1 ጂኖች አርኤንኤም በደንብ ጨምሯል። የኢንስል4 ሲቲ (በፒሲአር ምልክቱ የሚታይበት የዑደት ቁጥር፤ ከፍ ሲል የሚለካው ጥቂት ነው ማለት ነው) ግን 34 አካባቢ ነው፣ ፎርስኮሊን ያገኘውም ያላገኘውም እኩል። ይባስ ብሎ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) ያልጨመርኩበት መቆጣጠሪያ 35 ላይ ይወጣል! የማየው የጂኖም ዲኤንኤ ብክለት ሳይሆን አይቀርም። ጂኑ ያለው ሁለት ኤግዞን (በአርኤንኤው ውስጥ የሚቀር የጂን ክፍል) ብቻ ነው፤ ሁለቱም ፕራይመሮቼ (ፒሲአሩ የሚነሣባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ሁለተኛው ላይ ማረፋቸውን፣ ስለዚህም አርኤንኤን ከጂኖም ዲኤንኤ እንደማይለዩ ያስተዋልኩት ትናንት ነው፣ በጣም አዘንኩ።

የቀረኝ አርኤንኤ ጥቂት ነው። ዲኤንኤን በሚቆራርጠው ኢንዛይም በዲኤንኤዝ ላጽዳው ወይስ በሁለቱ ኤግዞኖች መካከል ያለውን ኢንትሮን የሚሻገር ፕራይመር እስኪደርስ ልጠብቅ? ማጽዳቱ ያመናምንብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ደግሞስ በቢዎ ላይ ኢንስል4ን በትክክል ያየ ሰው አለ? ወይስ ከእንግዴ ልጅ በቀጥታ ወደተለዩ ሴሎች ልሻገር?